ለሦስት ቤተሰብ አንድ ወጥ ቤት

ጥር 9

ውድ እህቴ ሚጢጢ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር በግልጽ እንዲገባሽ እፈልጋለሁ፦ ቤታችን አልተሸጠም፤ በእናታችን ክፍል የምትኖረውም ሴት ሚስቴ ሳትሆን ተከራያችን ናት። የሰማሽውን ከማን እንደሰማሽ አልጠይቅሽም። ወሬውን ያደረሰችው አክስታችን እንደሆነች ከደብዳቤሽ አካሄድ ገብቶኛል፤ እሷ ስታወራም ስትጽፍም አራት ነጥብ የሚባል ነገር አታውቅም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? ክሊኒኩስ፣ ባሕሩስ፣ ያ ጣሪያ የሚነቅል ንፋስስ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔም ጆሮዬም ሥራ ላይ ናቸው፤ ጡረታ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። ማን ናት ላልሽው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ዕድሜዋ አርባ ገደማ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል የምትማር አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። የገባችው ባለቤቴ ካረፈች በኋላ በነበረው ክረምት ነው። ለምን ደበቅኸኝ ላልሽው ደግሞ፣ የእናታችንን አልጋ ከክፍሏ ማውጣቴን በምን ቃል እንደምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። አልጋው አልተጣለም፤ አሁን እኔ እተኛበታለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ምን አደረገችልህ ላልሽው ግን ትንሽ ቦታ ስጪኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በሬን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ ታደርግና «መምህር፣ አሉ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላታለሁ። በቃ፣ ሌላ የለውም። ብቻውን የሚኖር ሰው ግን መኖሩን በየማለዳው የሚጠይቀው ሲያገኝ መልሱን አዘጋጅቶ ይተኛል። አምና አንድ ቀን «አለሁ» ሳልል ቀረሁ፤ መታጠቢያ ቤት ወድቄ ዳሌዬ ተሰንጥቆ ነበር። በሩን ሰብራ የገባችው፣ ተራዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ፣ ከዚያም እስክቆም ድረስ ደግፋ ያስኬደችኝ እሷ ናት። መውደቄንም አልነገርኩሽም ነበር፤ ይኸው አሁን ነገርኩሽ።

ችግሩ ይኼ ነው። በእኛ ሰፈር የሚሠራው የከተማው ደንብ በአንድ ግቢ ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ በላይ እንዲኖር አይፈቅድም። የወጣው ባዶ መሬቱ ብዙ፣ ሰዉ ጥቂት በነበረ ጊዜ ነው። ቤተሰብ ማለትም በሥጋ ወይም በጋብቻ የተዛመደ ነው ይላል። ባለፈው ሳምንት ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን በራፍ ላይ ጠርጎ ገባ።

«ምንዎ ናት?» አለኝ።

«ጎረቤቴ ናት።»

«ጎረቤትማ ከአጥር ውጭ ነው፣ መምህር።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእህቴ ልጅ ናት ይበሉኝና ልለፈው» አለ።

«እህቴ አዋላጅ ናት እንጂ ወላጅ አይደለችም» አልኩት።

ሳቀ፤ ወረቀቱን ግን ሰጠኝ። ሹፌሯ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እንድትለቅ ያዛል። ውሸት ብናገር ይቀል እንደነበር አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት ልጆችን አትዋሹ ስል ኖሬ በዚህ ዕድሜዬ አፌ እሺ አላለኝም።

የት ትሄዳለች? ካገኘቻቸው ክፍሎች አንዱ በር የሚከፈተው አልጋው ሲታጠፍ ብቻ ነው። የሌላው ባለቤት ኪራዩን ከመናገሩ በፊት «ልጅ አለሽ?» አላትና አለኝ ስትለው በሩን ዘጋ። ከከተማው ጫፍ ላይ ክፍል አይጠፋም። ነገር ግን የመጀመሪያውን አውቶቡስ የምትነዳ ሴት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሥራዋ ልትደርስ አትችልም። ይህን ለተቆጣጣሪው ሳስረዳው ጭንቅላቱን አከከ።

አንድ ተስፋ አለን። ቤት የሚፈልገው ሰው ስለበዛ ከተማው ደንቡን ሊለውጥ ነው። ረቂቁ በየካቲት ይለጠፋል፤ በመጋቢት ደግሞ ነዋሪው ተሰብስቦ አስተያየት ይሰጥበታል። ቤቱ የሁለታችን ስለሆነ ያንቺን ሐሳብ ሳልሰማ አንድም ቃል አልናገርም። ደግሞስ ደብዳቤዬን በክሊኒኩ አድራሻ ላክ ያልሽኝ ለምንድን ነው?

ወንድምሽ


ጥር 27

ጋሼዬ፣

እንደምን አለህ? ዳሌህስ? ሌላ የሰበርከውና ያልነገርከኝ ነገር ካለ በሚቀጥለው ደብዳቤ አንድ ላይ አድርገህ ጻፈው፤ በየተራ አታስደንግጠኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። ገና ሳልጨርሰው ምጥ የያዛት ሴት መጣችና ሄድኩ። መንታ ነበሩ። ስመለስ ንዴቴን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። ስለ አልጋው አትጨነቅ። እናታችን ሰው ያለበት ቤት እንጂ አልጋ ያለበት ክፍል አትወድም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወለል ላይ የምንተኛው እኔና አንተ አልነበርንም?

ሐሳቤን ጠይቀኸኛል። ሐሳቤ ሹፌሯ እንድትቆይ ነው። በተቻለ መንገድ ሁሉ ትቆይ። አንተ ወድቀህ እኔ እዚህ በባሕሩ ዳርቻ የሰው ልጅ ሳዋልድ፣ ወንድሜን ከወለል ላይ ያነሳችልኝን ሴት ምኔ ናት ተብዬ ብጠየቅ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ደንቡ ስም ካላገኘላት ጥፋቱ የደንቡ ነው። ንገርልኝ፤ እጅ ነስታለች በልልኝ። በአካል ስንገናኝ ደግሞ ራሴ እነግራታለሁ።

ለአክስታችን ጽፌ «ሚስቱ አይደለችም» ብያታለሁ። «አዬ፣ እሱ ምን ዕድል አለው!» ብላ መለሰችልኝ። ይኸውልህ፣ ስምህን ላጸዳ ብዬ ጨርሶ አቆሸሽኩት።

በክሊኒኩ አድራሻ ያልኩህ ፖስተኛው እዚህ ቶሎ ስለሚመጣ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ረቂቁ ሲለጠፍ ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ፤ ያንተን ማጠቃለያ አልፈልግም፣ ሁልጊዜ ከዋናው ይረዝማል።

ያንተው ሚጢጢ


የካቲት 14

ውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ መንታዎቹ ደስ ብሎኛል። ሰላምታሽን ለሹፌሯ አድርሻለሁ። «መንገድ ላይ የወደቀ አውቶቡስም አነሳለሁ፣ መምህርማ ቀላል ናቸው ይበሉልኝ» አለች። የሌላ ሰው ምስጋና መቀበል ያስቸግራታል፤ ያንቺ ብጤ ናት።

ከፖስተኛው ፍጥነት ሌላ ምክንያት የለውም ያልሽውን አንብቤዋለሁ። ተማሪ ሳይጠየቅ «ሌላ ምክንያት የለውም» ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አልጎተጉትሽም፤ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።

ረቂቁ ተለጥፏል። እንዳዘዝሽኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ ገልብጬዋለሁ፦

«በአንድ ግቢ ውስጥ ለሦስት ቤተሰብ አንድ ወጥ ቤት መሥራት ይፈቀዳል። ቁመቱ ከሦስት ፎቅ አይበልጥም።»

የፎቁ ነገር ማንንም አላጣላም። ሰፈሩን ያመሰው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። ለሦስት ቤተሰብ አንድ ወጥ ቤት! ሦስት አባወራ በአንድ ማብሰያ ክፍል ተሰልፎ እንዲያበስል ነው የሚፈቅዱልን። ማስታወቂያው ሥር ቆመን የተባባልነውን ብትሰሚ ትስቂ ነበር።

«ሦስት ሴት በአንድ ምድጃ! እነዚህ ሰዎች ጤና የላቸውም» አለ ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ።

«የምታበስለው ሴት ብቻ ናት ያለህ ማን ነው?» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «አንተስ ብትሞክረው እሳት ይበላሃል?»

«እኔ ብሞክረውማ የሚበላው ቤቱን ነው።»

«ድስቱ የማን ነው በሚል ሲያጣሉን ሊኖሩ ነው» አለ ሌላው። «የኔ ቤት ጨው እንኳን እኔና ሚስቴን ያጣላል።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ቋንቋ የእርስዎ ነው፤ ተቃውሞውን ይጻፉልን» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ሰፈሩም ፈረመበት። ስብሰባው መጋቢት 12 ነው፤ የመጀመሪያው ተናጋሪም እኔ ነኝ።

አውቃለሁ፣ ምን ማድረግህ ነው ትይኛለሽ። ሹፌሯም ብላኛለች። «እኔ በተራዬ አበስላለሁ፤ ሲርበኝ ሳይሆን ተራዬ ሲደርስ እበላለሁ። እባክዎ አይቃወሙብኝ» አለችኝ። እኔ የምቃወመው ለእሷው ብዬ ነው። ጥሩ ሐሳብ በመጥፎ ዐረፍተ ነገር ከወጣ መጥፎ ደንብ ይሆናል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ እሳት ዙሪያ ሲጣላ «እኛ ድሮም ብለን ነበር» ተብሎ ሁሉም ነገር ወደ ቀድሞው ይመለሳል። አሁን ይታረምና በደንብ ይጽደቅ ነው የምለው። ጊዜ የለንም ትላለች። በዚያ ልክ ነች፤ ረቂቁ ለእርማት ከተመለሰ ሚያዝያ ማለፉ አይቀርም።

ተቃውሞው ላይ ከፈረሙት አንዳንዶቹ ስለ ምድጃው ግድ እንደሌላቸው ይታየኛል። አዲስ ሰው በሰፈሩ እንዳይገባ የሚፈልግ ሁሉ ሰበብ አግኝቶ ደስ ብሎታል። ይህ ደስ አላለኝም። ነገር ግን የተሳሳተ ሰው ደግፎኛል ብዬ ትክክለኛ እርማት አልተውም።

ዛሬ ጠዋት ሹፌሯ በሬን መታች፤ «አለሁ» እስክል ግን አልቆየችም።

ወንድምሽ


የካቲት 29

ጋሼዬ፣

ሰላምታ ሌላ ጊዜ። ይህን የምጽፈው በሁለት ምጥ መካከል ነው፤ ፊደሌን እንዳታርም።

ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብለህ አንብበው። ግን «ወጥ» የሚለውን ከ«ቤት» አላቀህ ከ«አንድ» ጋር አድርገው። አንድ ወጥ… ቤት። አንድ ወጥ ጨርቅ፣ አንድ ወጥ ቀለም እንደምንለው። ያልተቆራረጠ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ አንድ ቤት ለሦስት ቤተሰብ መሥራት ይፈቀዳል ነው የሚለው። ግቢው ውስጥ ሦስት ጎጆ በየጥጉ እንዳይበተን ነው የፈለጉት። ስለ ምድጃ ያነሳ የለም! ምድጃውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ካላመንከኝ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር እይ። ማንንም አላጣላም ብለህ ያለፍከውን። «ቁመቱ ከሦስት ፎቅ አይበልጥም» ይላል። የምን ቁመት? ባለ ሦስት ፎቅ ወጥ ቤት የት አገር አይተሃል? ጭሱ ራሱ ደረጃ ሲወጣ ይደክመው ነበር። «ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ያልገባሽን ቃል ጎረቤቱን ጠይቂው» እያልክ ያስለቀስከኝ አንተ አይደለህም? ጋሼ፣ ጎረቤቱን ሳትጠይቀው ከሰስከው።

ገብቶኝ በሳቅ ስፈርስ አንሶላ የምታጥበዋ ሴት «ምን ሆንሽ?» ብላ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለች። አንሶላ አጣቢ ክፍልሽ ውስጥ ምን ትሠራለች ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። እንግዲህ ልንገርህ። ክፍሉ የእሷ ነው፤ እኔ ነኝ እንግዳዋ። ከኅዳር ጀምሮ የምተኛው ክሊኒኩ የአንሶላ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። እዚህም እንደናንተው ያለ ደንብ አለ። ተቆጣጣሪ መጥቶ አከራዬን «ምንሽ ናት?» አላት። እሷ እንዳንተ ቃል መጫወት አታውቅም፤ ፈራችና «ማንም አይደለችም» አለች። አልተቀየምኳትም። ልብሴን ጠቅልዬ ስወጣ ግን ያቺ ቃል ከሻንጣዬ ይልቅ ከበደችኝ። ሁለቱን ልጆቿን ያዋለድኩላት እኔ ነኝ።

ያልነገርኩህ «አሁኑኑ ነይ» ብለህ እንዳትጽፍ ነው። አትጻፍ። አንሶላዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ክፍሉ ሙቀት አለው፣ ወደ ሥራ ስሄድ የምሻገረው አንድ ኮሪደር ነው። አሁን የቸገረችው ሹፌሯ ናት። ፖስተኛው ባለፈው ዓመት ሚስቱን ያዋለድኩለት ሰው ነውና ከስብሰባው በፊት እንዲደርስ አደራ ብዬዋለሁ።

ሚጢጢ


መጋቢት 14

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ በስብሰባው ዋዜማ ደረሰኝ። ማንበብ የጀመርኩት ቆሜ ነበር፤ ፎቁ ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። ልክ ነሽ። መላ የለውም፣ ልክ ነሽ። ያን ዐረፍተ ነገር ያነበብኩት ስህተት ልይዝበት ነበርና ስህተት አገኘሁበት፤ የራሴን። አመሰግንሻለሁ። ብዙ ሰው ሲያስተምር ኖሮ የሚያርመው ሳያገኝ ይሞታል። እኔን እህቴ ከአንሶላ መካከል ተነስታ አረመችኝ።

ስለ ስብሰባው ብዙ አልጽፍልሽም፤ ያደከመኝ ነገር ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ ተነስቶ «ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ፤ ደንቡ ስለ ቤት እንጂ ስለ ምድጃ አይደለም» አለ። ሁለቱንም ዐረፍተ ነገሮች አንድ ላይ አነበበና ተቀመጠ። የተባለውን ግን ላካፍልሽ።

«መምህር ከዱን!» አለ ፋርማሲስቱ። «ያስፈረሙንስ?»

«ስሜን ለመሰረዝ ነው የቆምኩት። ያንተን መሰረዝ የምትችለው አንተ ነህ» አልኩት።

ረቂቁን የጻፈችው ወጣት የሕግ ባለሙያ ፊቷን በእጇ ሸፍና «ወላሂ ወጥ ቤት የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ» አለች።

«አታበስይማ!» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ምድጃው ሲነሳ እውነተኛው ክርክር መጣ። ፋርማሲስቱ ጓሮዬ ፀሐይ ያጣል፣ ጸጥታው ይጠፋል፣ ደግሞም የማላውቀው ሰው አጠገቤ እንዲኖር አልፈልግም ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። እኔ ከምድጃው ክርክር ይልቅ ይህን አከበርኩለት፤ ቢያንስ የራሱ ፍርሃት ነው።

«ልጅህ አግብቶ የት ነው የሚኖረው?» ብላ ጠየቀችው ልብስ ሰፊዋ።

«እሱን ተዪው።»

«አልተውም። የልጅ ልጅህን ካየህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሩቅ ነው ቤታቸው» አለና ተቀመጠ። ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቄ፣ ደንቡ ጸድቆ በግቢያችን አዲስ ቤት ቢሠራ የጓሮህን ፀሐይ እንዳይወስድ አድርገን ነው የምናስነድፈው አልኩት። «በጽሑፍ ይስጡኝ» አለኝ። «ግን አራት ነጥብ ይኑረው፤ ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ከእርስዎ አልቀበልም።» እስካሁን እየሳቅሁ ነው።

ሹፌሯን በአውቶቡስ ማረፊያው ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። መሪውን ሳትለቅ «መምህር፣ እኔም በሕይወቴ የአንድ መስመር ቁጥር ለሌላ መስመር አንብቤ ስልሳ ሰው ወደማይፈልገው ሰፈር ወስጄአለሁ። ዋናው መመለሱ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬን መትታ መልሴን ትጠብቃለች።

ውሳኔው ገና አልተሰማም። የጊዜው ነገር እንደሚያስፈራኝ አልደብቅሽም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «አሁኑኑ ነይ» ብለህ አትጻፍ ብለሽኛልና አልጽፍም። የምጽፈው ሌላ ነው፦ አንቺ ማንም አይደለሽም አይደለሽም። (ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው፤ ትክክል ነው።) ደንቡ ከጸደቀ በግቢያችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት መኖሪያ ይሠራል። አንዱ የሹፌሯና የልጇ፣ አንዱ የኔ። ሦስተኛው የማን እንደሆነ አንቺው ቁጠሪ። የከተማችን ሐኪም ቤቶች አዋላጅ አጥተው በየጋዜጣው ያውጃሉ። አስቢበት።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 8

ውድ እህቴ ሚጢጢ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደንቡ ጸድቋል! የጸደቀው በመላ ከተማው አይደለም፤ የአውቶቡስ መስመር በሚያልፍባቸው ሰፈሮች ብቻ ነው። ከኮረብታው ወዲያ ያሉት ገና ይጠብቃሉ፤ ስለ እነሱ አዝናለሁ። የኛ መንገድ ግን ገብቷል። ዐረፍተ ነገሩም ታርሟል፦ «ለሦስት ቤተሰብ የሚሆን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ አንድ ቤት መሥራት ይፈቀዳል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ማብሰያ ይኖረዋል።» የሕግ ባለሙያዋ ረቂቁን ለእርማት ቤቴ ድረስ ይዛው መጥታ ነበር። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩላት። «ይህቺ የማናት?» ስትለኝ «የእህቴ ናት» አልኳት። ስላንቺ ነገርኳት፤ አመስግንልኝ ብላለች።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ያነሳሻቸውን ነጥቦች እንደተለመደው በተራ ልመልስ። ማን ይሠራዋል ላልሽው፣ የአውቶቡስ ሠራተኞች የቤት ማኅበር አለ። የምድሩንም የላዩንም እነሱ ይሠራሉ፤ በምትኩ የማኅበሩ አባል የሆነችው ሹፌሯ በላዩ ፎቅ ለረጅም ዘመን ትኖርበታለች። ውሉን ራሴ አንብቤዋለሁ፤ እያንዳንዱን ቃል ከነጎረቤቱ። ሦስት ፎቅ ለምን አስፈለገ ላልሽው፣ አላስፈለገም። ሁለት ይበቃናል፤ የፋርማሲስቱም ጓሮ ፀሐዩን አያጣም። ያንቺ ጉልበትና የኔ ዳሌ ከደረጃ ጋር ስለማይስማሙ እኛ ሁለታችን ምድር ቤት እንሆናለን።

«ሦስተኛው ቤት ለባሰበት ሰው ይሰጥ» ብለሽ የጻፍሽውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። እውነት ነው፣ ቤት ያጣ ሰው ሞልቷል፤ ነገ በር ብንከፍት ሰልፉ መንገዱን ይዘጋዋል። ነገር ግን ከአንሶላ መደርደሪያ ሥር የምትተኛ ሴት «ለባሰበት» ስትል ምን እንደምመስል ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር። ሸክም እሆንብሃለሁ ብለሻል። በዚህ በጋ ቤታችንን ያዳነችው የማን ደብዳቤ ናት? ለሹፌሯ ይህን ክፍል አንብቤላት ነበር፤ ይቅርታ፣ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። «እህትዎ ሰው ሁሉ ሲወለድ ተቀብላ እሷን የሚቀበላት ሲመጣ ትሸሻለች እንዴ?» አለች። እኔ ከዚህ የተሻለ ልጽፍ ስለማልችል እንዳለ አስቀመጥኩልሽ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ተቆጣጣሪው እንደገና መጥቶ ነበር። አሁንም ጫማውን ጠርጎ ገባ። የግንባታው ማመልከቻ ከሚያዝያ መጨረሻ በፊት ከገባ፣ ሹፌሯ ትልቀቅ የሚለው ትእዛዝ ይነሳል። ካልገባ ይጸናል። ማመልከቻው የሁለታችንንም ፊርማ ይፈልጋል፤ በሦስቱም ቤቶች ማን እንደሚኖር ደግሞ መግለጽ አለብን። ሁለቱን ሞልቻለሁ። ግማሹ ቤት ያንቺ ነውና በሦስተኛው ላይ ያላንቺ ቃል ማንንም መጻፍ አልችልም፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ አይቀበሉንም። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

ሹፌሯ ትናንት ከጋራዥ ገመድ ይዛ መጣች። ሳጥኖቿን ማሰር ጀምራለች። «እህቴ ትመልሳለች፤ ተዪው» ብላት፣ «መምህር፣ ደብዳቤ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው፤ አውቶቡስን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ቀልዷን ነው፤ ገመዱ ግን ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ። ፈርሚበት። በሦስተኛው መስመር ላይ ስምሽን በራስሽ እጅ ጻፊበት። ንድፍ የምትሠራው ልጅ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፦ መስኮትሽ ወደ መንገዱ ይሁን ወይስ ወደ ጓሮው? መልስሽ አንድ ቃል ይበቃል። ለዚያ ፖስተኛ ዛሬውኑ ስጪው፤ ምጥ ቢመጣ እንኳን መጀመሪያ ይህን ላኪልኝ።

ወንድምሽ